ግንቦት በጎንደር፦ ወበቁና ዶፉ

እሑድ

«በግንቦት ጎንደር ምን ልታደርግ?» ያላለኝ ሰው የለም። ጎንደር የሚኬደው በጥር ነው፣ ለጥምቀት። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ጋቢ ያስለብሳል፣ ሆቴሉም ጢም ብሎ ይሞላል። በግንቦት መጨረሻ የሚሄድ ሰው ወይ ለቅሶ አለበት፣ ወይ የቤተሰብ ጉዳይ ይዞታል። እኔን የወሰደኝ ሁለተኛው ነው፤ አክስቴ ዘንድ የማደርሰው ወረቀት ነበር። ወረቀቱ እንኳን ለአንባቢ ለእኔም አሰልቺ ስለሆነ እዚሁ እተወዋለሁ። ሙቀቱንና ዝናቡን ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከባሕር ዳር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በዶልፊን ሚኒባስ ተነሳን። ሐሙሲትን ሳናልፍ የሹፌሩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። መስኮት ልከፍት እጄን ስሰድ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ኧረ ልጄ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» አሉ። ተውኩት። በላብ ተነክሮም ንፋስ የሚፈራ ሕዝብ ከኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ወረታ ላይ እናትየው ሲወርዱ መስኮቱ ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። ደፍሮ የተናገረ አልነበረም እንጂ ሁሉም ያቺን ሰዓት ሲጠብቅ ነበር።

የፎገራ ሜዳ በዚህ ወር አያምርም። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ የሕፃን እግር ያስገባል። ርብ ወንዝ ላይ ስንደርስ ድልድዩ ሥር ያየሁት አሸዋና እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ነው። ከወረታ የተሳፈሩ አንድ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። አዲስ ማረሻ በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ መውረጃቸው ማክሰኝት ነው። መሬታቸውን አርሰው፣ ደግመው፣ አሁን እጃቸውን አጣጥፈው እንደተቀመጡ አጫወቱኝ።

«ዘንድሮ ዘገየ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እሱ መቼ ይዘገያል? የምንቸኩል እኛ ነን።» ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «አሁን አንድ ዶፍ ይመጣል፤ ከተሜው ሁሉ እልል ይላል። እኔ ግን በአንድ ዶፍ ዘር አላወጣም። ዘርቼ ሳበቃ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ ማን ይከፍለኛል? የመጀመሪያው መሬቱን ያለስልስልኝ፣ ሁለተኛውን ልየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ከአዲስ ዘመን በኋላ አሞራ ገደልን ወጣን። ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመው ዓለት ዙሪያ ሙቀቱ ይርገበገባል። እንፍራዝ ላይ ከመንገዱ በላይ የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ አለ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ጣና መታየት ነበረበት። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ በጠራራ ፀሐይ የለም። አቧራውና እንፋሎቱ አንድ ላይ ሆነው ከአድማሱ በታች ያለውን ሁሉ ነጭ አድርገውታል።

አክስቴ ቤት ስደርስ ቀትር ተቃርቦ ነበር። እቴቴ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው) በር ላይ ዱካ አስቀምጠው እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረዋል። ስመውኝ፣ እንደገና ስመውኝ፣ የሁሉንም ጤና አንድ በአንድ ጠይቀው ሲጨርሱ እግራቸውን አወጡና የሳፋውን ውሃ ተሸክመው ጤና አዳሟ ላይ አፈሰሱት። ለካ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል።

ሰኞ

ስልኬ ከቀትር በኋላ 31 ዲግሪ ይላል። ቁጥሩ ለቆላ ሰው መሳቂያ ነው። ፒያሳ ቡና ስጠጣ ከመተማ የመጡ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አጠገቤ ነበሩ፤ ጃኬት ለብሰዋል፣ ዚፑንም እስከ አንገታቸው ዘግተዋል። «ትቀልዳላችሁ እንጂ ይኼ ምን ሙቀት ነው? እኔ እዚህ የመጣሁት ልተነፍስ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ወደ 6 ዲግሪ ሲጨመር መተማ በሚያዝያ 40ን የምታልፈው ለዚህ ነው።

የጎንደር ሰው ግን የሚያማርረው ያለምክንያት አይደለም። እዚህ የሚያቃጥለው ከላይ የሚመጣው ነው። ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ በቀትር ልክ በጎንደር አናት ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ታልፍና በነሐሴ ስትመለስ ደግማ አናት ላይ ትሆናለች። የነሐሴውን ማንም አይቆጥርባትም፣ ደመና ይጋርዳታል። የሚያዝያዋንና የግንቦቷን ግን የሚጋርዳት የለም። ፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ በ6 ሰዓት ቆሜ ጥላዬን ፈለግኩት፤ አጥር ብሎ ወደ ደቡብ ወድቋል። በአብዛኛው ዓመት የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ሲወድቅ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ አቅጣጫ የጠፋው ይመስለዋል።

የእቴቴ የልጅ ልጅ አብሮኝ ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ፈተናው ስለደረሰ ደብተሩን እንኳ ግንቡ ድረስ ይዞ መጥቷል። የሚያነብበት ቦታ አሳየኝ፤ አፄ ፋሲል ባሠሩት ግንብ ምድር ቤት፣ ከወፍራሙ ግድግዳ ሥር። ከውጭ ገብቶ እዚያ የቆመ ሰው ወዲያው ላቡ ይደርቃል። ድንጋዩ ሌሊት የያዘውን ቅዝቃዜ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሕንፃው ወደ 400 ዓመት ሊጠጋው ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነውና። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከፒያሳ ዙሪያ የተሠራ አንድም ፎቅ ይህን አልተማረለትም። መስታወት ለብሰው የቆሙት አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ወጥተው በካርቶን ሲያራግቡ አይቻለሁ።

ግቢው ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤትም አለ። በዚህ ቀን ስለ እንፋሎት መታጠቢያ የሚያስረዳኝ አስጎብኚ ሳጣ ደስ አለኝ። አስጎብኚዎቹ ከደጅ፣ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ተጋድመዋል። ቀና ብሎ «ላስጎብኝ?» ያለኝም አንድ ነው፣ እሱም መልሴን ሳይጠብቅ ራሱን መልሶ አስደገፈ።

ማታ ባሰ። ቀን ደረቅ የነበረው ሙቀት ሲመሽ መጣበቅ ጀመረ። ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ያዘለ አየር እየገባ ነው፣ ዝናብ ለመሆን ግን ገና አልበቃም። ላብ አይተንም፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ውሾችም የሚጮሁበት ጉልበት የላቸውም። እቴቴ መኝታቸውን ትተው ነጠላ አንጥፈው ሲሚንቶው ላይ ተኙ። እኔም ተከተልኳቸው።

ማክሰኞ

ውሃ ለመጠበቅ ዋልን። በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የሚደርስበት ቀን ያልፋል፣ ቧንቧው ግን ይተነፍሳል እንጂ አይፈስስም። ሮቶ ያላቸው ጎረቤቶች የነሱም ባዶ ሆኗል። አንድ ቦቴ ታች መንገድ ላይ ቆመ ተብሎ ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ሮጠ፤ እኔና ልጁ ስንደርስ ረዳቱ ጎማውን እየጠቀለለ ነበር።

የከተማዋ ውሃ በአብዛኛው ይመጣ የነበረው ከአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ ከዓመት ዓመት በደለል እየተሞላ ነው፣ ከተማዋ ደግሞ እየሰፋች። ዙሪያውን የተራቆተው ተራራ በየክረምቱ አፈሩን ይዞ ይወርድና ውሃ መያዝ የነበረበትን ቦታ ጭቃ ይይዘዋል። ስለዚህ በግንቦት ሰው ወደ ቧንቧው ሳይሆን ወደ ሰማይ ያያል። እቴቴ ከሰዓት በኋላ መሰላል አስይዘውኝ አሸንዳውን አስጠረጉኝ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲ ወጣ። ከአሸንዳው ሥር ያለውንም በርሜል አስገለበጡኝ።

«ዛሬ የሚዘንብ ይመስልዎታል እቴቴ?»

«እኔ ምን አውቄ። በርሜሉ ግን ይወቅ።»

ረቡዕ

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ጾም የለም። ጠዋት ጥብስ በልተን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ቀን ላይ ዛፍ ያለበት ቦታ ፈልጌ ነው ብል ይሻላል፤ ግቢው በጽድና በወይራ የተከበበ ነው፣ አጥሩም በዓሥራ ሁለት ክብ ማማዎች የቆመ የድንጋይ ካብ ነው። ማማዎቹ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል።

ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የኪሩቤል ፊቶች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሥዕላቸው ከፖስት ካርድ እስከ ቲሸርት ገብቷል። የንቦቹንም ታሪክ ሁሉም ይናገራል፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው፣ ብዙ ያልተነገረለት ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን አሁን ያለው አይደለም። የመጀመሪያው ክብ ነበር፣ እሱንም መብረቅ አቃጠለው። አሁን የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ግድግዳው አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ የነበሩ አንድ አባት ይህንኑ ሳነሳባቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ድርቡሽን ንብ ይመልሰዋል፤ መብረቅን ማን ይመልሰዋል?» አሉኝ።

ይህን እንዳሉ ከወገራ በኩል ተጉረመረመ። እውነት ነው፣ አላሳመርኩትም፤ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ ከወገራ በኩል የማይጉረመረምበት ቀን ስለሌለ ግጥምጥሞሹ ብዙም አይደንቅም። ደመናው ከተራራው ጀርባ ተቆልሎ ወደ ላይ እያደገ ነበር፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ አናቱ ገና ነጭ ነው። የጎብኚዎቹን ጫማ የሚጠብቀው ልጅ ጫማዎቹን ወደ ውስጥ አስገባ። ንፋስ ተነሳ፣ አቧራ ተነሳ፣ ጥቂት ጠብታዎች የደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ወደቁ። ድንጋዩ ጠጣቸውና ወዲያው ደረቀ። ደመናው ወደ ደምቢያ አለፈ። ከሰው ሁሉ አፍ ያንኑ ቃል ሰማሁ፤ «አሾፈብን!»

ሌሊቱ ከነበሩት ሁሉ ከፋ።

ሐሙስ

ግንቦት 21 ነው፣ ማርያም። ሰፈሩ ጠዋት ባዶ ሆነ፣ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እቴቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቶ ነበር፤ ጥላ ይዘው እንኳ። ቡና ሊፈላ ሲል ውሃ እንደሌለ ትዝ አለንና ከጎረቤት አንድ ጀበና ተለመነ።

እስከ 8 ሰዓት ምንም አልተንቀሳቀሰም። ቅጠል አይወዛወዝም። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀቱ እየተለጠጠ ቋ፣ ቋ ይላል። ጭላቶቹ ብቻ ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከከተማው የሚነሳው ሞቃት አየር ያነሳቸዋል። ያው አየር ነው ከላይ ደመናውን የሚሠራው። የዛሬው ከትናንቱ ይለያል፤ በሰሜን ምሥራቅ ያለው ቁልል አናቱ ተንጣሎ ሜዳ ሆኗል። ልጁ ከደብተሩ ቀና ብሎ «አሁን በረዶ አለው» አለ። ወደ ላይ የሚወጣው አየር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ መውጫ ሲያጣ እንደዚያ ይንጣለላል፤ ውስጡ የበረዶ ቅንጣትና የቀዘቀዘ ውሃ እርስ በርሱ እየተጋጨ ኤሌክትሪክ ይከማቻል። ልጁ ይህን ያለው በፈተና ላይ እንደሚጽፈው በአንድ ትንፋሽ ነው።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ ቢጫ ሆነ። የመጀመሪያው የመጣው ነጎድጓድ አይደለም፣ ብርድ ነው። ከላይኛው ሰፈር ንፋሱ ወረደ፤ አቧራ፣ ፌስታል፣ የአንድ ሰው የተሰጣ አንሶላ ተሸክሞ። ዝናቡ ገና እዚያ ማዶ እየወረደ አየሩን አቀዝቅዞ ከፊቱ ገፍቶ ይልከዋል፤ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ለቀናት አፌን ከፍቼ ስተነፍስ የነበርኩት ሰውዬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሹራብ አሰኘኝ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ ግን ይስቃል። አንዲት ሴት በርበሬ ያሰጣችበትን ሰሌን ከነበርበሬው ጠቅልላ እየጎተተች «ድረሱልኝ!» ትላለች፤ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ወርደው አነሱላት።

«ቴሌቪዥኑን ንቀል! ስልኩን ከቻርጀሩ ንቀል! መስታወቱን ሸፍን!» እቴቴ አዘዙ። ስለ መስታወቱ ልጁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

ጠብታዎቹ ትልልቅ ነበሩ፣ ተራርቀው የሚወድቁ። እያንዳንዱ አቧራው ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል። የደረቀ መሬት የመጀመሪያውን ውሃ ሲጠጣ የሚያወጣው ሽታ ግቢውን ሞላው። እቴቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ሰማዩ ተሰነጠቀ፣ ዶፉ ወረደ።

ቆርቆሮ ሥር ዶፍ የሰማ ያውቀዋል፤ ሌላው እንዲያው ይመነኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን በጩኸት ነው የምንነጋገረው። ብልጭ ሲል ልጁ ጣቱን እያነሳ መቁጠር ጀመረ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ድምፅ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ስድስት ከተቆጠረ መብረቁ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው ማለት ነው።

«አትቁጠር!» አሉ እቴቴ። «የሱን ሥራ አይቆጥሩም።»

«እቴቴ፣ ርቀቱን ነው የምቆጥረው።»

«ምኑንም አትቁጠር አልኩህ።»

ልጁ ጣቱን ደብቆ በልቡ ቀጠለ፤ ከንፈሩን እያየሁ እኔም ቆጠርኩ። ስድስት። አራት። ሁለት። ቀጥሎ ያለው የሚቆጠር አልነበረም፤ ብልጭታውና ድምፁ አብረው መጡ፣ ግድግዳው ነዘረ፣ እቴቴ «በስመ አብ!» ብለው ልጁን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከላይኛው ኮረብታ አንድ ባሕር ዛፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ተልጧል፤ ይህን ያየነው በማግስቱ ነው። የመብረቅ መንገድ ለቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ይሞቃል፣ ከፀሐይ ገጽ አምስት ጊዜ ያህል ይበልጣል። በግንዱ ውስጥ ያለው እርጥበት ባንዴ እንፋሎት ሲሆን ዛፉ ከውስጥ ይፈነዳል። እቴቴ ልጅ ሳሉ በአገራቸው አንድ ዋርካ ሥር የተጠለሉ በሬዎች ባንድ ጊዜ ሲያልቁ እንዳዩ ነገሩን፤ ከዚያ ወዲህ በዝናብ ዛፍ ሥር ቆመው አያውቁም። በዚህስ ሳይንሱም ከሳቸው ጋር ነው።

በረዶው ሲጀምር ወሬው ሁሉ ቆመ። ሽምብራ የሚያክል፣ ከዚያ ባቄላ የሚያክል ሆኖ ግቢውን ነጭ አደረገው። እቴቴ «ምሕረቱን ያውርድልን» እያሉ ቆሙ። በረዶ ለከተማ ሰው ጨዋታ ነው፣ ለገበሬ ግን ሌላ ነው፤ ማክሰኝት የወረዱትን ሰውዬ አሰብኩ። ዘር አለማውጣታቸው በጃቸው።

ከዚያ እቴቴ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ጋቢ አናታቸው ላይ ጣል አድርገው በዝናቡ ወጡና ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ ከበርሜሉ ላይ በእንጨት ገፍተው መሬት አፈሰሱት። ውሃ እንዲያ እየናፈቀን! እኔ ደነገጥኩ። «የመጀመሪያው የቆርቆሮው እድፍ ነው» አሉ። የወራት አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ ዝገት፤ ሁሉ ታጥቦ እስኪወርድ ጠበቁ። የሚፈስሰውን በመዳፋቸው ተቀብለው አዩት። ሻይ የመሰለው ሲጠራ እንጨቱን ለቀቁት፣ በርሜሉም መደወል ጀመረ። እንደ አሸንዳ ያለ ርካሽ ነገር ለዚህች ከተማ ስንት እንደሚሠራ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእቴቴ ጣሪያ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ሃያ ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ነው። አራት በርሜል! የነሱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጢም አለ። ከዚያ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ምጣድ ማጠቢያው፣ የልጁ የድሮ መታጠቢያ፤ በቤቱ ያለ ዕቃ ሁሉ ተሰለፈ። አሸንዳ የሌላቸው ጎረቤት በአጥሩ በኩል ጀሪካን አቀበሉን፣ እየሞላን መለስንላቸው። ጠዋት ጀበና ውሃ ያበደሩን እሳቸው ናቸው።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ካፊያ ሆነ። ፀሐይ በምዕራብ ብቅ አለች፤ ካፊያው ግን አልቆመም። ልጆች ከየቤቱ ወጥተው «ጅብ ወለደ!» እያሉ በጎርፉ ውስጥ ይዘላሉ፣ የተረፈውን በረዶ እየለቀሙ ይበላሉ። ከፒያሳ በኩል የሚወርደው ጎርፍ ቡናማ ነው። ቱቦው በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለተደፈነ ውሃው መንገዱን ይዞ አንዲት ባጃጅ እስከ ወለሏ አጥልቋታል፤ ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ መሪው ላይ አንጠልጥሎ ይገፋል። የከተማው ቱቦ ከዝናቡ በፊት መጠረግ እንደነበረበት በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ይናገራል። የአሸንዳ ጠረጋውን እቴቴ ማክሰኞ አስበውታል፤ ከተማው ምን ሲጠብቅ እንደነበር አላውቅም።

ስልኬ 17 ዲግሪ አለ። ማታ በሻማ ቡና ጠጣን፣ በቆሎና በጋቢ። ማንም ሲሚንቶ ላይ አልተኛም።

ዓርብ

ጠዋት በእግሬ ወደ ቀሃ ወረድኩ። ትናንት ድንጋይ ብቻ የነበረው ወንዝ ጭቃ ይዞ ይሄዳል። ከቀሃ በቦይ እየተሞላ ለጥምቀት የሚያገለግለው የአፄ ፋሲል መዋኛ ግን ደረቅ ነው፤ ታችኛው ወለሉ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አለ፣ ሁለት እርግቦች ይታጠቡበታል። የአጥሩን ድንጋይ አቅፈው የያዙት የዋርካ ሥሮች ታጥበው ጠቁረዋል። በጥር ይህ ቦታ ሰው በሰው ነው፤ አሁን እኔና አንድ ጠባቂ ብቻ ነን። ጠባቂው ወንበሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ተቀምጧል። ሰኞ ዕለት ያች ፀሐይ ስትወጣ የሚሸሽ ሰው ነበር ማለት ነው!

እኔን ካልጠየቃችሁኝ እንኳ እናገራለሁ፤ ጎንደርን ማየት የሚፈልግ ሰው ጥምቀትን ብቻ አይጠብቅ። በጥር የሚታየው በዓሉ ነው። ከተማዋ ውሃ እንዴት እንደምታገኝ፣ እንዴት እንደምታጣና ሲመጣ ምን እንደምታደርግ የሚታየው በዚህ ሰሞን ነው። መዋኛው፣ ቦዩ፣ ግድቡ፣ የእቴቴ በርሜል፤ ሁሉም የአንድ ጉዳይ ናቸው።

ከሰዓት በፊት ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ወጣሁ። ከተማው ከነግንቡ ታጥቦ ከታች ተዘርግቷል፤ ደቡቡ እስከ አድማስ ክፍት ነው። እሑድ ከመንገድ ያጣሁት ጣና እዚያ አለ፤ ቀጭን፣ ብረት የመሰለ መስመር። ሆቴሉ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ሻይ ሲያመጣልኝ አብሮኝ ቆሞ አየውና «ለሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ደመና ይሸፍነዋል» አለኝ። ክረምቱ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የሚገባው ሰኔ 26 ነው፤ የደመናው ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ስመለስ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ሊስትሮዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል። ትናንት በዶፉ ሰዓት የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። «እዚሁ፣ ዋርካው ሥር» አሉኝ እየሳቁ። ለእቴቴ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ቧንቧው ነው። ለቀናት ሲተነፍስ የከረመው ቧንቧ መጥቶ ክፍት የተረሳው ጉሮሮው ግቢው ውስጥ ይፈስሳል። እቴቴ በሌሊት ልብሳቸው ቆመው በርሜሉን፣ ሳፋውን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ያያሉ፤ ሁሉም ሙሉ ነው።

«አንተ ልጅ ተነስ! ይኼን ድፋ፣ ያኛውን ለልብስ አስቀር፣ ጀሪካኖቹን ለመጠጥ ቅዳ!»

ሲነጋ ድረስ ውሃ ስንገለብጥና ውሃ ስንሞላ ቆየን። ጤና አዳሟ በሕይወቷ እንዲህ ጠጥታ አታውቅም። ምንጣፉ ታጠበ፣ መጋረጃው ታጠበ፣ ልጁ ፈተናውን ትቶ የጎረቤቱን ምንጣፍ ሊያጥብ ተላከ።

ወደ መነኸሪያ ስሄድ ቅዳሜ ገበያ በኩል አለፍኩ። በሌላ ሳምንት ሸማ፣ ቅመምና ሽንኩርት የሚበዛበት መግቢያ ዛሬ ጃንጥላና ኮንጎ ጫማ ተከምሮበታል። አንዱን ጃንጥላ አንስቼ ዋጋ ጠየቅኩ፣ ሻጩ የነገረኝን ሰምቼ መልሼ አስቀመጥኩት። «ረቡዕ ብትመጣ ኖሮ በግማሹ እሰጥህ ነበር» አለኝ፣ ሳያፍር። ከሱ ጎን ሞፈር፣ ወገልና ማረሻ የሚሸጡት ዙሪያ ገበሬዎች ቆመው ይከራከራሉ፤ ወሬያቸውም ያው ነው፤ የላይኛው ወገራ ዘንቦለታል፣ የታችኛው ደምቢያ አልዘነበለትም፣ ዳጉሳ ይዘራ አይዘራ። አንዱ እንዝራ ይላል፣ ሌላው ሁለተኛውን እንየው ይላል። የማክሰኝቱን ሰውዬ ወገን የያዙት ይበዛሉ።

አዘዞ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናቸው።

«ደረስክ?»

«ኧረ እቴቴ፣ ገና አሁን መውጣታችን ነው።»

«በል ደህና ግባ። ደግሞ እናትህን ሁለት በርሜል ትላክልኝ በላት። ባዶውን።»